አንሶላ ለእንግዳ ቀን ብቻ ለሚነጠፍበት መጦሪያ

ለተከበሩ የአረጋውያን መጦሪያው ሥራ አስኪያጅ፣

እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ከርማችኋል? እኔ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ጋራዥ ያለኝ መካኒክ ገዛኸኝ ነኝ። እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝን አክስቴን ወይዘሮ ትርንጎን፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ መነሳት ሲያቅታቸው፣ በእርስዎ ቤት አምኜ ያስገባሁት ሰው ነኝ።

፩ኛ፦ ስለ ንጽሕናችሁ ላመሰግንዎ። ጎብኚዎች በመጡ ዕለት አክስቴ ታጥበው፣ ነጭ አንሶላ ላይ ተኝተው አግኝቻቸው ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። በሳምንቱ ሳልናገር ብመጣ ግን አንሶላ የለም፤ ባዶ ፕላስቲክ ፍራሽ ላይ በሽንታቸው ርሰው ተኝተዋል። አስታማሚዋን ብጠይቃት፣ አንሶላው ለእንግዳ ቀን ተብሎ መጋዘን ውስጥ እንደሚቆለፍ አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። አንሶላ እንዳያረጅብዎ የሚጨነቁትን ያህል ለአረጋውያኑ ቢጨነቁ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር።

፪ኛ፦ ቢሮዎ ድረስ ስመጣ ውሃ መጥፋቱን በትሕትና አስረድተውኛል። በመስኮቱ በኩል መኪናዎ በውሃ ጎማ እየታጠበ ስለነበር፣ በውሃው ድምፅ ምክንያት ንግግርዎን በደንብ ስላልሰማሁት ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

፫ኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። አክስቴን ሳገላብጣቸው ጀርባቸው ላይ መዳፍ የሚያክል ቁስል አገኘሁ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቀስ ብለው «ገዛኸኝ፣ እንግዳ ደግሞ መቼ ነው የሚመጣው? ያን ቀን ያጥቡናል» አሉኝ። እኒህ ሴት ውርጌሳ ላይ ምግብ ቤት በነበራቸው ጊዜ፣ እጁን ላልታጠበ ሾፌር ምግብ አያቀርቡም ነበር።

ወዲያውኑ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ አቅፌ ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው። ባለቤቴ ፋንቱ ውሃ አሙቃ ስታጥባቸው አለቀሱ። ያመማቸው መስሏት እጇን ብታነሳ፣ «አይ ልጄ፣ አታቁሚ» አሏት። ወልድያ ወስደን ያሳየናቸው ሐኪም፣ ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ ቁስሉ አጥንት ይደርስ እንደነበር ነገረን። አሁን እየተሻላቸው ነው፤ ከቤቴም አይወጡም።

ጨዋነቴ እዚህ ላይ አለቀ። ክቡርነትዎ፣ እዚያ ቤት ሰው በቁሙ እየበሰበሰ ነው፤ እርስዎም ያውቃሉ።

ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ፣ በእርጅናዎም ዘመን ልክ እንደ እርስዎ ያለ ጧሪ እንዲገጥምዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ገዛኸኝ፣ ከመርሳ

ማስታወሻ፦ ከአክስቴ ጎን የነበሩት አቶ አስፋው የሚወስዳቸው ዘመድ የላቸውም። ቅዳሜ ጠዋት እኔና ፋንቱ ባልዲና ሳሙና ይዘን መጥተን እናጥባቸዋለን፤ ነግረናቸው እየጠበቁን ነው። ዘበኛዎ ቢከለክለን በሩ ላይ ቁጭ ብለን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየነውን እንነግራለን። እርስዎም ቢገኙ ደስ ይለናል፤ ሰው እንዴት እንደሚታጠብ እናሳይዎታለን።