ስም የማይጠራው ጥሩምባ፦ የአቶ ደርበው አዝመራው የሕይወት ታሪክ

አቶ ደርበው አዝመራው ከአባታቸው ከአቶ አዝመራው ሀብቱ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ያለምወርቅ ዋጋዬ፣ ከቆሰበር ወጣ ብሎ ዘንገና አካባቢ በኅዳር ወር 1917 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በፈረስ አርቢነት የታወቁ ገበሬ ነበሩ። እሳቸው ግን ኮርቻ ላይ ተቀምጠው እንኳ ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር።

ፊደል የቆጠሩት ከደብሩ የኔታ ዘንድ ነው። ከዚያ ዳንግላ ትምህርት ቤት ገብተው የተወሰነ ከተማሩ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው በጦር ሠራዊት የመገናኛ ክፍል ተቀጠሩ። ሬዲዮ መጠገን የተማሩት እዚያ ነው። በ1948 ዓ.ም. ተሰናብተው ዳንግላ ተመለሱና ከአቶ ዓብዱልሀሚድ ሱቅ አጠገብ የሬዲዮ መጠገኛ ቤት ከፈቱ። እጃቸው የገባ ሬዲዮ ሳይናገር አይወጣም ነበር። በዓመቱ ከወይዘሮ ምህረቴ ደጉ ጋር በሕግ ተጋብተው ሸጋንና አበረን ወለዱ።

በ1956 ዓ.ም. የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ አቶ አድማሴ ደረታቸው ደከመ። ነፍተው የሟቹን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ከሁለተኛው ቤት አያልፍም ነበር። አቶ ደርበው እኚህን ሽማግሌ ላሳርፍ ብለው ከተበላሹ ሬዲዮዎች አምፖልና ሽቦ ለቃቅመው፣ የጥሩምባ ድምፅ የሚያወጣ ሣጥን ሠሩ። የሚሠራው በመኪና ባትሪ ሲሆን፣ ሣጥኑን መጠገኛ ቤታቸው ቆርቆሮ ሥር አስቀምጠው የድምፅ ማጉያውን ጣራው ላይ ሰቀሉት። ቁልፉ ሲነካ ድምፁ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይወድቃል። ይህን አነሣስና አወዳደቅ ለማስተካከል ብቻ አንድ ክረምት ፈጀባቸው።

ቀጥሎ በዝግታ ከፍ ዝቅ የሚል ሌላ የኤሌክትሪክ ሞገድ ጨመሩና ሽቦውን ከቁልፉ ጋር አገናኙት። ሐሳባቸው ሞገዱ ከፍ ባለ ቁጥር ድምፁን እየቀሰቀሰ፣ የሰው እጅ ሳያስፈልገው ሣጥኑ ደጋግሞ እንዲነፋ ነበር። ቢሞክሩት እምቢ አላቸው። ሞገዱ ጉልበት አንሶታል ብለው ሥራውን ለነገ አሳደሩና በማግስቱ ጠዋት ለጥገና ቆሰበር ሄዱ። ባትሪውን አልነቀሉም። ቁልፉን የሚነካው ከሌለ መቼም አይጮህም ብለው ነው።

ረፋዱ ላይ የጣራው ቆርቆሮ ሲግል አምፖሎቹም ጋሉ፤ ሞገዱ በረታና ሣጥኑ ይነፋ ጀመር። ሣጥን ደግሞ ስም አይጠራም። ሰው ማን ሞተ እያለ ተጠያየቀና፣ የከረመ በሽተኛ ያለው ደርበው ቤት ነው፤ እናቱ ናቸው ብሎ ወደዚያው ጎረፈ። ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ሲገባ፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። በአዊኛ «ማን ሞተብኝ?» ብለው ጠየቁ። ለቀስተኛው ነጠላውን ማቃናት ጀመረ። ነገሩ ሲገባቸው «እኔ ገና ነኝ፤ ጎመኑን ልጨርስ» አሉ። ለቀስተኛው ግን ተቆጥቶ ወጣ።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ የካቲት 21 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ አረፉ። አቶ አድማሴ በዚያው በደከመ ደረታቸው ነፉ፤ ስማቸውን ቢጠሩም የሰማ የለም። ሰው «ያ የደርበው ሣጥን ነው» ብሎ ገበያውን ቀጠለ። ቀብሩ ላይ የተገኘው ሰባት ሰው ነበር፤ ከሰባቱ አንዱ አቶ ዓብዱልሀሚድ ናቸው። ሌላው በማግስቱ ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

አቶ ደርበው ያችን ከቁልፉ ጋር ያገናኟትን አንድ ሽቦ ነቀሉና ሣጥኑን በጨርቅ ሸፈኑት። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ያህል የዕድሩን ጥሩምባ የነፉት ራሳቸው ናቸው። በየበሩ እየቆሙ የሟቹን ስም ይጠራሉ፤ የቤቱ ሰው ሰምቻለሁ ካላላቸው ንቅንቅ አይሉም። «ሰምተናል እኮ ጋሼ ደርበው» ያላቸው ብዙ ነው። ብዙዎቻችሁ ብላችኋል።

ከመስከረም 1961 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ግንቦት 6 ቀን በ44 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው ወርቅአየሁ ቀርተዋል። ይህን የጻፈችው እህታቸው ናት። እንባ እምቢ ብሏታል። ቀንና ዓመት መጻፍ ግን አላቃታትም፤ ስለዚህ ጻፈች።

የደከመላቸውን የማይረሳ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለቤታቸውም ብርታቱን ይስጥ።

አቶ ደርበው አንድ ቃል ትተዋል። «የእኔ ተነብቦ ሲያበቃ የእናቴን ስም ጥሩልኝ፤ ያን ቀን ከቀብሩ የቀረው ሰው ሁሉ ያኔ ይገኛል» ብለዋል። ቃላቸው ይፈጸማል፤ እባካችሁ ቁሙ።

እናታችን ወይዘሮ ያለምወርቅ ዋጋዬ አርፈዋል። አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አልቅሱላቸው።