ባስ በጣት ነው ላልከኝ አባቴ፣ ከፒኳ ጋር

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣ በደብረ ማርቆስ የሠርግ ባንድ ለሠላሳ ዓመት ባስ ጊታር ለመታኸው፤ ባለህበት።

ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ። እኛ ደህና ነን። እማዬ አምፕሊፋየርህን በዳንቴል ሸፍና ቴሌቪዥኑን አስቀምጣበታለች፤ ዜና አንባቢው አሁን ያንተ ባስ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያወራው። ጊታርህ እኔ ዘንድ ነው። በባንዱ ውስጥ ያለህን ቦታ ግን ልነጠቅ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ነጣቂው ጓደኛህ ጋሽ ይታየው ነው፤ ኪቦርድ መቺው፣ የባንዱ አለቃ። አርባህ እንደወጣ ጠርቶ ፍርዱን አሰማኝ። በጥር ሮብ ገበያ ከተማ ሠርግ አለ፣ እንደ አባትሽ በጣትሽ ከመታሽ ቦታው ያንቺ ነው፣ ያቺን ፒክ ካወጣሽ ግን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አለኝ። ያንተን ቃል ነው የደገመው። ያቺን ጥፍር የምታክል የክር መምቻ ፕላስቲክ እንደ መተት ነበር የምትጠላት። በጣት ሲመታ ልብ ይመታል፣ በፒክ ሲመታ ዶሮ ቆርቆሮ ላይ ጥሬ ትለቅማለች ትለኝ ነበር። ስንቴ ከእጄ ነጥቀህ በመስኮት ወረወርካት! እኔም ስንቴ ከጎመኑ መደብ ለቅሜ መለስኳት!

እውነቱን ለመናገር፣ አንተ በሁለት ጣት ክሩን ስታባብለው ወለሉ ከሥራችን ይሞቅ ነበር። ልጅ ሆኜ ጀርባዬን አምፕሊፋየሩ ላይ አስደግፌ እንቅልፍ የወሰደኝ ስንት ቀን ነው። ስለዚህ ታዘዝኩ። ሦስት ወር በጣቴ ተለማመድኩ፤ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደደረ።

ሮብ ገበያ ስንደርስ የሙሽራው እናት ሙዚቀኛ ሳይበላ አይጀመርም ብለው ድርቅ አሉ። አንተ በሠርግ ቤት እህል እንደማትቀምስ አገር ያውቃል። በጥር፣ በፍስኩ፣ ቅቤ እንደ ጎርፍ በሚወርድበት ቀን ጾም ነኝ ትላለህ። ሰውም የተሰወረ ንስሐ አለበት እያለ ያከብርህ ነበር። በቀብርህ ላይ ቄሱ ይህንኑ ጾምህን አንስተው ስንቱን አስለቀሱት። እኔም አለቀስኩ።

እኔ ጻድቅ አይደለሁምና በላሁ። ዶሮ ወጡ ላይ ቅቤው ይንሳፈፋል። እሳቸው ሲያጎርሱኝ እኔም አጎረስኳቸው፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ደገምኳቸው። የእጅ ውሃው ሳይደርሰኝ ሙሽሮች መጡ ተባለና ወደ መድረክ ሮጥኩ። ጣቴን ክሩ ላይ ሳሳርፍ ሙልጭ! ሌላኛውም ሙልጭ! ዘፈኑ ያለ ባስ ተጀመረ፤ ለእስክስታ የተነሣው ትከሻ ሁሉ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ጋሽ ይታየው በዓይኑ ገደለኝ።

ያን ጊዜ ነው ምስጢርህ የገባኝ። አባዬ፣ ለካ ጾም አልነበረም! ውሃ የማያስለቅቀውን ቅቤ ፈርተህ ነው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ በድግስ መካከል የተራብከው ለሁለት ጣት ብለህ ነው! መድረክ ላይ ቆሜ ሣቅሁ።

ከዚያ በግራ እጄ፣ በግራ የሚበላ የለምና እሱ ንጹሕ ነው፣ ፒኳን ከኪሴ አወጣኋት። እንዳትንሸራተት ቀድሞውኑ የቁስል ፕላስተር ለጥፌባት ነበር። ወደ ቀኝ እጄ አሸጋግሬ መታሁ። የጎጃም ጭፈራ ፈጣን ነው፤ ፒኳ እያንዳንዷን ምት እንደ ሚስማር ቀጥ አድርጋ አስገባቻት። ዳሱ ብድግ አለ። የሙሽራው እናት ነጠላቸውን አገልድመው ወደ ጭፈራው ወረዱ። ያቺ ቆርቆሮ ላይ የምትለቅም ዶሮ ሮብ ገበያን አስጨፈረች!

ሲያልቅ ጋሽ ይታየው ወደ እኔ መጣ። አባትሽ ቢሰማ ኖሮ ብሎ ጀመረና ላቡን ጠረገ። ጊታሩን እቅፍ አድርጌ ጠበቅሁ። ቢሰማ ኖሮ ይቀና ነበር አለ። ከፋሲካ በኋላ ቁይ ከተማ ሠርግ አለን፣ እንዳትቀሪ አለ። ቦታህ የኔ ሆነ አባዬ።

ለቄሱ ምንም አልተነፈስኩም። ለእማዬ ግን ነገርኳት። ለካ ከሠርግ ሲመጣ ድስት ሙሉ የሚጨርሰው ለዚህ ኖሯል ብላ ሆዷን ይዛ ሣቀች፤ ከሞትህ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሣቅ ናት። ከዚያ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

እንግዲህ ቃሌ ይኸውልህ። በየሠርጉ፣ የቱንም ያህል ቢለምኑኝ፣ የመጀመሪያዋን ዘፈን እህል ሳልነካ በጣቴ እመታታለሁ። ያቺ ያንተ ናት። ከዚያ እበላለሁ፤ የቀረው ሁሉ የኔና የፒኳ ነው።

ያሸነፈችህ ልጅህ