የአልደርን መንገድ ከፍተው ለዘጉልን ክቡር ከንቲባ

ለክቡር አቶ ዋላስ ትሪምብል፣ የኬልሶን ፌሪ ከተማ ከንቲባ፣
ለተከበሩት አምስት የምክር ቤት አባላትም ጭምር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎን ይህ የማያባራ ዝናብ አልጠዘጠዘዎትም? እኔ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የዚህችን ከተማ ልጆች፣ የእርስዎንም ሴት ልጅ ጨምሮ፣ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ያመላለስኩት አርዲስ ክቫሌ፣ ከማቅለሽለሹ በቀር ደህና ነኝ። የሚያቅለሸልሸኝም ምግብ አይደለም። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ የማወጣው፣ በየስብሰባው የምትፈቅዱልኝ ሦስት ደቂቃ ምስጋናዬን ለመጨረስ ስላልበቃኝ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። በ1892 ይህችን ከተማ የቆረቆሩት ሰዎች በካርታ ላይ ብዙ መንገድ አሰመሩ። ከእነዚህ አንዱ፣ ከቤቴ ጎን ተነስቶ ወንዙ ድረስ የሚወርደው የአልደር መንገድ፣ ከወረቀት ወርዶ አያውቅም። ጋሪም መኪናም አልሄደበትም። አማቴ የፕሪም ዛፎች ተከሉበት፤ እኛም ሣሩን እያጨድን ኖርን። አብሮኝ የሚኖረው ወንድሜ አንሰን በእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ሲሠራ ዓይኖቹን ካጣ በኋላ ደግሞ፣ ከጓሮ በራችን እስከ ወንዙ ዳር ከዛፍ ዛፍ ገመድ ወጠርንለት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን ገመድ እየዳሰሰ፣ ማንንም ሳያስቸግር፣ ብቻውን ወርዶ ብቻውን ይመለስ ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ባለፈው መጋቢት ቀያሾችዎን ልከው ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ችካሎች በፕሪሞቹ መካከል ስላስተከሉልኝ፣ «ሕዝቡ ወደ ወንዙ መውረጃ ስለሚያስፈልገው መንገዱ ይከፈታል» የሚል ወረቀትም በቤቴ በር ላይ ስላስለጠፉልኝ አመሰግናለሁ። ሕዝቡ እስከዚያ ቀን ድረስ በግቢዬ አቋርጦ ዓሣ ሊያጠምድ ሲወርድ ከልካይ እንዳልነበረው ከራሱ ከሕዝቡ በቀር የነገራችሁ አልነበረም። በቤቱ ዓይነ ስውር እንዳለ፣ ገመዱም መሪው እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጽፌላችኋለሁ። ሁለቱም ደብዳቤዎች «ደርሰዋል» የሚል ማኅተም ስላረፈባቸው እጅግ ተጽናንቻለሁ።

ሁለተኛ፣ አሥራ አንዱን ዛፍ እንዳበበ ስላስቆረጣችሁልኝ። ሠራተኞቹ ከቤቱ በኩል ጀምረው ሲቆርጡ አንሰን ወንዙ ዳር ነበር። ያን ቀን እኔ ገበያ ሄጄ ስመለስ የሰማሁት የመጋዙን ጩኸት ብቻ አልነበረም። ወንድሜ መሬት ላይ የወደቀውን ገመድ በሁለት እጁ ይዞ፣ በተጋደሙት ቅርንጫፎች መካከል ተንበርክኮ፣ «አርዲስ! ገመዱ ላልቷል! የት ነው ያለሁት?» እያለ ይጣራ ነበር። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አንደኛው ሠራተኛ መጋዙን አጥፍቶ ሮጠና እጁን ይዞ አመጣልኝ። «እማማ፣ በእናቴ ይሁንብኝ፣ ማንም አልነገረንም» አለኝ። በዚህ ሁሉ ጉዳይ ያፈረ ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ምንም አላጠፋም።

ሦስተኛ፣ መንገዱ በተከፈተ በአራተኛው ወር፣ በአሥራ አንድ ደቂቃ ስብሰባ፣ «ለሕዝብ ጥቅም አይሰጥም» ብላችሁ መልሳችሁ ስለዘጋችሁት፣ መሬቱንም ሙሉ በሙሉ ከመንገዱ ማዶ ላለው ጎረቤቴ፣ ለአማችዎ ለአቶ ዳሬል፣ ለጀልባ ማቆሚያ ስላስረከባችሁት። ተነስቼ፣ «የከፈታችሁት ለሕዝብ ከሆነ የዘጋችሁት ለማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ እርስዎ በዚያ እያሳሳቀ በሚወስድ ድምፅዎ፣ «ወይዘሮ አርዲስ፣ እንረጋጋ እንጂ። ካርታው በእርስዎ በኩል ምንም ድርሻ አያሳይም። ደቂቃዎም አልቋል» አሉኝ። አቶ ዳሬልም ከኋላ ሆኖ፣ «አይዞዎት፣ ጀልባዎቹን ቀለም ቀብተን ነው የምናቆማቸው፤ ከመስኮትዎ ሲያዩዋቸው ደስ ይልዎታል!» አለኝ። ተሳቀ። እኔም ወጥቼ ከሕንፃው ጀርባ አስመለስኩ።

አራተኛ፣ ማንበብ ስላስተማራችሁኝ። ነገርን ከሥሩ ይባላል፤ እኔም ወደ አውራጃው መዝገብ ቤት ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። የተዘጋ መንገድ መሬቱ የሚመለሰው መጀመሪያ ወደ ተቆረሰበት ይዞታ መሆኑን ሕጉ እንደሚል አወቅሁ። ዋናው የ1892 መዝገብ ደግሞ የአልደር መንገድ ስፋቱ በሙሉ ዛሬ የእኔ ከሆነው ይዞታ እንደተቆረሰ በግልጽ ይናገራል። የእናንተ ቅጂ ላይ ይህ የተጻፈበት ጠርዝ የለም።

ይህን ይዤ ከሰስኳችሁ። ባለፈው ወር ዳኛዋ የከተማውን ጠበቃ፣ «ዋናውን መዝገብ አይታችሁታል?» አሉት።

«በቅጂው ነው የሠራነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«የቅጂው ጠርዝስ የት ሄደ?»

መሬቱ የእኔ መሆኑ ተፈረደ።

እንኳን ደስ አለሽ የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ያሸነፍኩት ጠጠር የፈሰሰበት ባዶ መሬት ነው። ጠጠሩ ላይ የብረት ዘንጎች አቁሜ አዲስ ገመድ ወጠርኩ። አንሰን አንድ ቀን ወጣ። ሦስተኛው ዘንግ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ብረቱን ዳሰሰና፣ «ዛፎቹ እያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ ነበሩ፤ ይሄ ሁሉ አንድ ነው። የት እንደደረስኩ አይነግረኝም» ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ደጅ አልወጣም። ይህን የሚመልስ ፍርድ ቤት ካለ አድራሻውን ብትልኩልኝ ደግሞ አመሰግናለሁ።

ለሥልጣንዎ ዘመን መርዘም የሚጸልዩ ዘመዶች አያሳጣዎት እያልኩ፣ ወንበርዎ ላይ ሲቀመጡ የሚሰማኝን ጥልቅ ስሜት በጨዋ ቋንቋ መግለጽ ተስኖኝ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ ሆና የማታውቀው፣
አርዲስ ክቫሌ

ማስታወሻ፦ መዝገብ ቤት ሳለሁ ሌላም ነገር አየሁ። የሄምሎክ መንገድ የሚባል፣ ተከፍቶ የማያውቅ፣ በሕግ ተዘግቶም የማያውቅ የሕዝብ መንገድ አለ። ልኬቴ ካልተሳሳተ በዋናው በርዎ ገብቶ፣ የምግብ ክፍልዎን ሰንጥቆ፣ በወጥ ቤትዎ ይወጣል። ለአንሰን ባነበብኩለት ጊዜ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀና «ጫማዬን አምጪልኝ» አለኝ። እሑድ በምሳ ሰዓት እናልፋለን። መንገዱ የሕዝብ ስለሆነ በር አናንኳኳም፤ እርስዎ ብቻ ወንበሮቹን ዞር ያድርጉልን፣ ወንድሜ አያይም።