መልሱን ሳይሰሙ የማያርፉት ሲስተር እቴናት ትዕዛዙ (1963–2017 ዓ.ም.)

ሲስተር እቴናት ከአባታቸው ከአቶ ትዕዛዙ አምባው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታየች ወርቅነህ፣ ከደምበጫ ከተማ ወጣ ባለ የገበሬ ቀዬ፣ በኅዳር ወር 1963 ዓ.ም. ተወለዱ። አክስታቸው ቤት ተቀምጠው በደምበጫ ተማሩ፤ በ1985 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ።

የመጀመሪያ ምድባቸው ጉንደ ወይን ነበር። በዚያም ከመምህር ሙላት የሽዋስ ጋር ተዋውቀው በ1989 ዓ.ም. ጋብቻቸውን ፈጸሙ፤ ሕሊናንና አምደሚካኤልንም አፈሩ።

በ1996 ዓ.ም. ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውረው፣ ስለ ወረርሽኝ፣ ስለ ክትባትና ስለ መድኃኒት ለውጥ የሚወጡ ማሳሰቢያዎችን ለየጤና ጣቢያውና ለየጤና ኬላው የማድረስ ኃላፊነት ተሰጣቸው። ተቀባዩ የሰማውን በራሱ አንደበት መልሶ እስኪነግራቸው ድረስ ስልክ አይዘጉም ነበር። ባለሙያዎቹ «ፈታኟ ደወሉ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እርሳቸውም «አንቺ ብትወድቂ የሚሞተው በሽተኛው ነው፤ በይ መልሺልኝ» ይሉ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ስልክ በተቋረጠበት ወቅት የኮሌራ ማሳሰቢያ ወጣ። ሕሙማን ወደ ሌላ ቦታ ከመላካቸው በፊት እዚያው የሚጠጣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እንዲጀመርላቸው የሚያዝ ነበር። ሲስተር እቴናት ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ወረቀቱን በመንገደኛ እጅ ወደ ዲማ አካባቢ ላኩት። ወረቀቱ ቀበሌው ደረሰ። የቀበሌው ጥበቃ ግን ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ከሊቀ መንበሩ በቀር ለማንም አልሰጥም ብሎ አስቀመጠው፤ ሊቀ መንበሩም በቦታው አልነበሩም። የጤና ኬላዋ ባለሙያ ጥሩብርሃን ምንም ስላልደረሳት እንደ ቀድሞው አሠራር ሕሙማኑን ወደ ጤና ጣቢያ ላከች። አንዲት እናትና ሴት ልጇ ጤና ጣቢያው ሳይደርሱ በመንገድ ላይ ሞተው ቀሩ።

በዚህ ሲስተር እቴናትን የወቀሰ ሰው አልነበረም። እርሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ማሳሰቢያ በሰው እጅ ልከው አያውቁም። ስልክ በማይሠራበት ሁሉ፣ በእግርም በበቅሎም፣ ራሳቸው ሄደው አፍ ለአፍ ነገሩ፤ መልሱንም በጆሯቸው ሰሙ። በዚያን ጊዜ የኩላሊት ሕመም እንዳለባቸው ተነግሯቸው፣ ዕረፍትና የቅርብ ክትትል ታዝዞላቸው ነበር። እኛ ቤተሰቦቻቸው ብንለምናቸው «ሐኪሙ ያለኝን አውቀዋለሁ» ከማለት በቀር አልመለሱልንም። ለከፍተኛ ሕክምና ይሂዱ በተባለ ጊዜም መንገዱ ዝግ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ጥሩብርሃን ከዲማ ልትጠይቃቸው መጣች። ከአልጋው አጠገብ ቆማ ማልቀስ ስትጀምር፣ ሲስተር እቴናት በደከመ ድምፅ «ለቅሶውን ተይና ባለፈው መጥቼ የነገርሁሽን የወባ ማሳሰቢያ መልሺልኝ» አሏት። እንባዋን እየጠረገች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መለሰችላቸው። አንድ ቦታ ላይ አረሟት፤ እርሷም ደገመችው። ከዚያ ዓይናቸውን ከደኑ፤ ሕመማቸው ከጠናበት ቀን ጀምሮ ያጡትን እንቅልፍም ተኙ።

ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ባለቤታቸው መምህር ሙላት፣ ልጆቻቸው ሕሊናና አምደሚካኤል፣ እናታቸው ወይዘሮ ታየችና እኅታቸው በኀዘን ቀርተዋል። በየጤና ኬላው ያላችሁ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ዛሬ የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ የሚነገራችሁን መልሱ።

መልስ ሲጠብቁ የኖሩትን የሲስተር እቴናትን ነፍስ እግዚአብሔር በቅዱሳኑ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለእናታቸውም መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።