በደምሴ ስም የመለስኩት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ከጠ. 2:40

ክራሩን እንደገና ቃኘሁ። የሮቢት ሙቀት ክሩን ያላላዋል፤ ጠዋት የቃኘሁት እስከ ረፋድ አይዘልቅም። ስድስት ክር፣ ስድስት ጭቅጭቅ። በስጦታ የመጣው ኪቦርድ አይላላም፤ እሱ ደግሞ አንዱ ቁልፍ ተጣብቆ ቀኑን ሙሉ አንድ ድምፅ ያላዝናል። ይጠገን ብዬ ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። መልስ የለም።

ሲስተር ትዕግሥት መጣች። የማገገሚያ ክፍላችን ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ወጣት፣ ጎንደሬ፣ ስሟን የመሰለች። ለሠራተኛው መጽሔት ጽሑፍ ትፈልጋለች፦ የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያው (እኔ መሆኔ ነው) የሚወዳቸው የሥራ መሣሪያዎችና የዕለት መነቃቂያዎቹ። ዐሥር ነጥብ፣ ከነፎቶው። ለምን ዐሥር? ሰባት ቢሆንስ? አንድም ባይኖርስ? ጮህኩባት መሰለኝ። ሳቀች።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሲቆጡ እንኳ ምት ይጠብቃሉ» አለችኝ።

ደብተሬ፣ የሰው ንግግር ቃል በቃል አልጽፍብህም ብዬ ነበር። ይቺ ግን ትግባ።

እሺ፣ ልሞክር።
1ኛ፦ ክራር (ሲቃኝ)።
2ኛ፦ ሰዓት መያዣ። ሰው ከጥሪ እስከ መልስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ካልለካህ፣ ሕክምና ሳይሆን ሠርግ ነው የምትጫወተው።
3ኛ፦ የሥልጠናው መመሪያ። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ታካሚው በሚያውቀው የልደት መዝሙር ጀምር ይላል። ታካሚዬ ጋሽ ማንደፍሮ ልደታቸውን አክብረው አያውቁም። መቼ እንደተወለዱም አያውቁም። ሰረዝኩት።

ያው ቀን፣ ከጠ. 5:30

ጋሽ ማንደፍሮ ዛሬም ምንም። የቀወት ገበሬ ናቸው፤ ሰባን ያለፉ ይመስለኛል። ሐምሌ ላይ ስትሮክ ጣላቸው፤ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ንግግራቸው ጠፋ። ሁሉን ይሰማሉ። ከአፋቸው የሚወጣው ግን «እእ» ብቻ። ሳይንሱ ግልጽ ነው፦ ንግግር የጠፋበት ሰው ዜማው ሊተርፍለት ይችላል፤ ቃል በዜማ ጀርባ ታዝሎ ይመጣል። መጽሐፉ ላይ ይመጣል። ባቲ ሞከርኩ፣ አምባሰል ሞከርኩ። እሳቸው የጣሪያውን ቆርቆሮ ያያሉ። ልጃቸው የሺ አደረሰችልኝና የምትሸጠውን የማሾ እህል ይዛ ወደ ገበያ ሄደች። ስትመለስ በዐይኗ ጠየቀችኝ። ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፤ ቀትር

ዛሬ ሆነ!

ክፍሉ ምድጃ ነበር። ወደ በረንዳው አወጣኋቸው። ከአጥሩ ማዶ የማሽላ ማሳ አለ፤ አሽቷል፣ ግሪሳ ወፍ ወርዶበታል። ጠባቂዎቹ ማማ ላይ ናቸው። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ እንዲህ በአራት እንጨት ላይ የተሰቀለ ማማ ያየሁት እዚህ ተመድቤ ስመጣ ነው። አንዲት ሴት ጅራፏን አጮኸች። ከዚያ በዜማ የማዶውን ጠባቂ ጠራችው፤ እሱም ከማማው መለሰላት።

የጋሽ ማንደፍሮ ግራ እጅ ጭናቸውን መታ። አንዴ። ሁለቴ። አፋቸው ተከፈተ።

ደምሴ ሆይ፣ ነቃህ ወይ?

ጥርት ያለ። አራት ቃል! ከሐምሌ ወዲህ «እእ» ብቻ ከነበረው አፍ። ሰዓት መያዝ ረሳሁ። እኔ!

ዐይናቸውን እኔ ላይ ተክለው ጠበቁ። የማዶውን ሰው መልስ ሰምቼ ስለነበር በዚያው ዜማ መለስኩ፦ ነቅቻለሁ፣ አንተስ ወይ? በሚታዘዘው የፊታቸው ጎን ሳቁ። እንደገና ጠሩ። እንደገና መለስኩ። ዘጠኝ ጊዜ። ደምሴ ማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ዘፈን ውስጥ ስም ይኖራል።

ለየሺ አልነገርኳትም። ጥቂት ይጠንክርና እሷው ራሷ ትስማው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

የዛሬ ሥራ፦ ዜማውን ቀስ በቀስ ማውረድ፤ እየወረደ፣ እየወረደ ተራ ንግግር እስኪሆን። አልወረደም። ምቱን በግራ እጃቸው ሳስይዛቸው ግን ሌላ ስንኝ ጨመሩ። ወፏ መጣች፣ አየሃት ወይ? አየኋት፣ ባንተ በኩል ናት አልኩ። ከራሴ የፈጠርኩት ነው። በሳቅ ሊወድቁ።

ለዝርዝሩ፦ በእግር ወደ ሥራ መምጣት። ከአህያ ኮቴ የተሻለ ምት ጠባቂ ሜትሮኖም አላጋጠመኝም። ባጃጅ ግን ምት የለውም፤ ጭንቀት ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ትዕግሥት በበረንዳው ስታልፍ ጋሽ ማንደፍሮ ጠሯት፦ ትዕግሥት ሆይ፣ ውሃ ወይ? ስሙን ለወጡት! የሚፈልጉትን ጠየቁ! ልጅቷ ቆማ አለቀሰች፤ ከዚያ ሮጣ ውሃ አመጣች። ኮሌጅ ሳለሁ ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ እጨፍር ነበር። አሁን ፋይሉ ላይ «አጥጋቢ» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩና «በጣም አጥጋቢ» አልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25፤ ከሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

የሺን ወደ ገበያ ከመሄዷ በፊት አስቀረኋት። ሰርፕራይዝ አለ አልኳት፤ እንደ ልጅ። በረንዳው ላይ አስቀመጥኳት። አባቷ ጭናቸውን መቱ። ደምሴ ሆይ፣ ነቃህ ወይ? እኔም በሙሉ ድምፄ፣ በኩራት፦ ነቅቻለሁ፣ አንተስ ወይ?

ማሾው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። የሺ በነጠላዋ አፏን አፍና እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችኝ።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉ? ደምሴ እኮ አጎቴ ነው። ሞቷል እኮ!»

ነሐሴ ላይ ነው። አባቷ በወደቁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ትኩሳት ወሰደው። የሁለቱ ማሳ ጎን ለጎን ነው፤ ከልጅነት እስከ ሽምግልና እያንዳንዳቸው በየማማቸው ላይ ሆነው እንዲህ ሲጠራሩ ኖረዋል። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። ስለዚህ ሁሉም ዝም አለ፦ ቤተ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የንስሐ አባት። ጥቁር የለበሰ ሰው ወደ ቤታቸው ዝር አይልም። እሷም ከደጅ ስትደርስ ከሐዘን ልብሷ ላይ ነጭ ትደርባለች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በሞተ ሰው አፍ ነቅቻለሁ ስል ነበር። ትዕግሥትን በስሟ የጠሯት ቀን ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ ስሙ የዘፈኑ አይደለም፣ የሚጠራው ሰው ስም ነው። ከነዲግሪዬ ደደብ ነኝ።

የሺ አንድ ነገር ለመነችኝ፦ ሕክምናው ይቁም። መናገር ከጀመረ ይጠይቃል። ከጠየቀ እንነግረዋለን። ከነገርነው ደግሞ ይሞትብናል። «እንዳለ ይሁንልን፣ ጋሼ። እእ ይበል። ይኑርልን እንጂ።»

ጮህኩ። አባትሽን ዲዳ አድርገሽ ልታኖሪ ነው ወይ አልኩ። እንዲህ አይባልም ነበር። አባቷን አስነስታ፣ ማሾዋን ሳትለቅም ሄደች። ማሾውን እኔና ትዕግሥት ለቀምን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

አልመጡም። ከጠ. 4:00 እስከ 5:00 በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ሴቲቱ ከማማዋ ትጣራለች። ጆሮዬን ልደፍን ምንም አልቀረኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

አልመጡም። እንዲህ ያለ ንግግር በሳምንታት ይመለሳል፣ ካልተሠራበትም በሳምንታት ይሄዳል። እያንዳንዱ ቀን ይቆጠራል። ይህን ለማን ልጩህ?

ትዕግሥት የሺ ትክክል ናት ትላለች። ወይም ትክክል ባትሆንም መብቷ ነው። እሺ፣ የሳቸውስ መብት? ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። ምት አልጠበቅሁም።

ደብተሬ፣ ለምን እንደዚህ እንደምነድ ለአንተ ብቻ ልንገርህ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አባቴ ሞተ። ፈተና ላይ ነው ብለው ደበቁኝ። እኔ በመሃሉ ደብዳቤ ጽፌለት ነበር፤ ክራር ልግዛ ወይ፣ ትቆጣለህ ወይ ብዬ። መልስ መጣ። ግዛ፣ መርቄሃለሁ፣ ይላል። ደስ ብሎኝ ለዶርሙ ሁሉ አነበብኩት። እህቴ ነበረች የጻፈችው፤ አባቴ ከተቀበረ በኋላ። ከአርባው በኋላ ሰማሁ። ይህን ክራር የገዛሁት በዚያ ደብዳቤ ነው። እህቴን ለዓመታት አላናገርኳትም።

እና እኔ ምን አደረግሁ? ያንኑ። ነቅቻለሁ፣ አንተስ ወይ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 4፤ ማምሻውን

ቀወት ሄጄ መጣሁ። እስከ አስፋልቱ ዳር በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። መንገዱን ሁሉ ክርክሬን እያዘጋጀሁ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ክራሩንም ይዤ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

የሺ ከደጅ አገኘችኝ። አልተቆጣችም። ሲያዩኝ ደስ ይላቸዋል፣ ግን እባክዎን ያንን አይዝፈኑ አለች። አልዘፍንም አልኩ።

ጋሽ ማንደፍሮ ከበሩ ጎን መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ከመደቡ ፊት ለፊት ሁለቱ ማሳ። የሳቸውን የእህታቸው ልጅ ይጠብቃል፤ ማሽላው ራሱን ደፍቷል። ሁለተኛውን፣ የደምሴን ማሳ፣ ወፍ ጨርሶታል፤ አገዳው ላይ ባዶ ራስ ብቻ። የዐምናው ማማ አንድ እግሩ ተሰብሮ ዘሟል። ማንም አላቆመውም።

አዩኝ። ግራ እጃቸው ጭናቸውን መታ። ደምሴ ሆይ፣ ነቃህ ወይ?

ክርክሬ ሁሉ ጠፋ። የሺ በሩ ላይ ቆማለች። አልመለስኩም። ለመዋሸት አፌ አልታዘዘም፤ ለመናገር ደግሞ ተራው የኔ አልነበረም። ሰከንድ ቆጠርኩ፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ዐሥራ አንድ።

ወደ ዘመመው ማማ አዩ። ከዚያ እኔን። እጃቸው ጭናቸው ላይ ዐረፈ።

«አልነቃም።»

ያለ ዜማ። ያለ ምት። ዜማውን ለማውረድ ስንት ቀን የደከምኩበት ተራ ንግግር። አንገታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። «የሺ። አልነቃም።»

የሺ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን ነከሰች። እሳቸውም አላለቀሱም። ጉንጯን በግራ እጃቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ የሚያጽናኑት እሳቸው ነበሩ! ከመቼ ጀምሮ እንዳወቁ አላውቅም። ከሆስፒታል ከወጡበት ቀን ጀምሮ የተቀመጡት እዚያ መደብ ላይ ነው። አገር ሁሉ አፉን ሲዘጋ ያንን ማማ ያነሳ ሰው የለም።

ቆይቶ የንስሐ አባታቸውና ሁለት ዘመድ ሽማግሌ ተጠርተው መጡ። እንግዲህ ካወቁ አበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። ማወቅ ሌላ፣ መርዶ ሌላ አሉኝ። ሰው በወጉ ካልተነገረው በወጉ አያለቅስም፤ ሦስት ወር የያዘው እንባ መውጫ ይፈልጋል። ቅዳሜ ንጋት ላይ መርዶውን ሊያረዷቸው ተስማሙ። ይህን ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጣላቸው አልፈለግሁም።

ስሸኝ የሺ እስከ አገዳው ዳር ተከተለችኝ። «አንቱ ጀመሩት፤ አንቱም ይገኙ» አለች። ቁጣም አይደለም፣ ልመናም አይደለም። ከዚያ ዝቅ ብላ፣ ሲያለቅስ ቃል ቢያጥረውስ አለችኝ። ማክሰኞ ወደ ክፍሉ ታመጣቸዋለች። እሷው ናት ያለችው፤ እኔ አልጠየቅሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ትዕግሥት ዝርዝሩን ጠየቀች። አራት ነጥብ ሰጠኋት፦ ክራር፣ ሰዓት መያዣ፣ የአህያ ኮቴ፣ ከአጥሩ ማዶ ማማ ላይ ያለችው ሴት። ፎቶዋን አንሺ፣ ግን አስፈቅደሽ፣ ስሟንም ጠይቂ አልኳት። እኔ አልጠየቅኋትም፤ ከጥቅምት ጀምሮ ከሷ ስማር። ዐሥር አልሞላም አለች። አይሞላም። ይውጣ እንዳለ።

ከሰዓት ለእህቴ ደወልኩ። ስለ ሙቀቱ አወራን። ስለ ደብዳቤው ምንም አላልኩም። ገና ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፤ ከንጋቱ 10:50

ባጃጁ ውጭ እየጠበቀ ነው። ጥቁር ኮት አገኘሁ፤ ሮቢት ውስጥ ኮት! ክራሩ ግድግዳው ላይ ይቆያል። ሰዓት መያዣውም።

መርዶውን የሚናገሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። እኔ ከኋላ እቆማለሁ፣ እሳቸው እንዲያዩኝ ሆኜ። ቃል ቢያጥራቸው ጭኔን እመታለሁ፤ ምቱን ያገኙታል። ቢጠሩ ግን በደምሴ ስም አልመልስም። በራሴ ስም ነው የምመልሰው።