አቶ ጋሻዬ፣ ወይዘሮ ውባንቺ እና ሸጌ

አቶ ጋሻዬ አለነ ከአባታቸው ከአቶ አለነ ሀብተ ሥላሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ምንይችል በላስታ፣ ብልባላ፣ በጥቅምት ወር 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። በገነተ ማርያም ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ከዚያም በላሊበላ ከተማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ለድቁና ቢያስቧቸውም፣ ከወልድያ እህል ጭኖ የመጣ መኪና ካዩ ወዲህ ልባቸው አብሮት ሄደ። በረዳትነት ጀምረው መንጃ ፈቃድ አወጡ፤ በአንድ የእርዳታ ድርጅትም ሾፌር ሆነው ከሙጃ እስከ ብልባላ ያልረገጡት መንገድ አልነበረም።

በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውባንቺ ገብረመስቀል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አቶ የአብስራን እና ወይዘሮ ፋናን አፈሩ። ስምንት ዓመት ያህል ትዳሩ የሁለቱ ነበረ። በ1986 ዓ.ም. ግን ሦስተኛ ገባችበት። ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ፣ በዕድሜ ከእርሳቸው ብዙም የማታንስ አሮጌ ላንድሮቨር በጨረታ ገዙና ስሟን ሸጌ አሏት።

ወይዘሮ ውባንቺን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባቸው ይኸው ስም ነው። የተክሊል ሚስት «አንቺ» እየተባለች ብረቱ ሸጌ ይባላል! መኪናዪቱን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ «ጣውንቴ» ነበር የሚሏት። ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ቢባሉም፣ ነቀዙን ማን በር ከፍቶ እንዳስገባው ጠይቁልኝ ይሉ ነበር።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ሸጌ ለአገር ጠቅማለች። ምጥ የያዛትን፣ ከገደል የወደቀውን፣ የታመመውን ካህን ሁሉ ጭናለች፤ በእሷ ካልሄድኩ የማይል ሙሽራም አልነበረም። አገር ጎብኚው አጠገቧ ቆሞ ፎቶ ሲነሳ አቶ ጋሻዬ ልጃቸው የተመረቀ ያህል ደረታቸው ይነፋል። በማግስቱ ግን አትነሳም። ለካንዴላዋ ወልድያ፣ ለባሊስትራዋ ደሴ ይወርዱላታል። ወይዘሮ ውባንቺ ደሴን ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ካርብሬተር ታቅፈው ተመለሱ።

የላስታ ብርድ ሞተር ያደርቃል። አንድ ዓመት ወይዘሮ ውባንቺ በእጃቸው ፈትለው ያሸመኑትን ጋቢ አቶ ጋሻዬ ለሸጌ ሞተር አለበሱት። ጋቢው ዘይት ጠጥቶ ተመለሰ። ወይዘሮዋም አላጥብም ብለው፣ ለምስክር ይሁን ብለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ሌላ ጊዜ አንድ ፈረንጅ ሸጌን ካልገዛሁ ብሎ ቤት ድረስ መጣ። ወይዘሮ ውባንቺ ደስ ብሏቸው ዶሮ አሳረዱ። አቶ ጋሻዬ ዶሮውን አብረው በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ እንግዳውን «ሰው ሚስቱን ይሸጣል እንዴ?» አሉት። ያን ዓመት ፍልሰታ በዚያ ቤት ሁለት ጾም ተጾመ፤ አንዱ የንግግር ነበር።

ይህም ሆኖ ጠዋት ጠዋት ሸጌ ስታስቸግር ከኋላ የሚገፉት ወይዘሮ ውባንቺ ነበሩ። አቶ ጋሻዬ መሪው ላይ ይቀመጣሉ፤ ወይዘሮዋ በግራ በኩል ትከሻቸውን ሰጥተው፣ በኋላ መስታወት የባላቸውን ማጅራት እያዩ፣ እየረገሙ ይገፋሉ። ሞተሩ ሲነሳ አቶ ጋሻዬ ዘወር ብለው ይስቁላቸዋል። ያቺን ሳቅ ለማን እንደሳቋት፣ ለእሳቸው ይሁን ለመኪናዪቱ፣ ወይዘሮ ውባንቺ እስከ መጨረሻው አላወቁም።

አቶ ጋሻዬ ካለፈው መስከረም ጀምሮ በልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። በላስታ ደንብ ባለፈረስ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ልብሱ ተደርቦበት ለቅሶ ላይ ይወጣል። የመንደሩ እድር፣ የቅሬው ዳኛ አቶ ኢያቄም የእሳቸው ፈረስ ሸጌ ናትና ትውጣ ብለው ፈረዱ። ወይዘሮ ውባንቺ እንቢ አሉ።

«በሕይወታቸውም ቀደመችኝ። በሞታቸውም ለቅሶዬን ትሻማኝ?»

ደንብ ደንብ ነውና ትናንት ከሰዓት ወንዶቹ ሊያወጧት ሄዱ። እንደ ልማዷ አልነሳ አለች። በአባታቸው ወንበር መቀመጥ ስላልደፈሩ አቶ የአብስራ በመስኮት እጃቸውን አስገብተው መሪውን ያዙ፤ ሌላው ሲገፋ ግን ከአጥሩ በር ላይ ተወትፋ ቀረች። ይህን ጊዜ ወይዘሮ ውባንቺ ከለቀስተኛው መሐል ተነሥተው በግራ በኩል ከለመዱት ቦታ ትከሻቸውን ሰጡ። ገፉ። ቀና ሲሉ በመስታወቱ የሚያዩት ማጅራት አልነበረም። ወንበሩ ባዶ ነው።

«ሸጌ፣ እኔና አንቺ ቀረን!» ብለው ጮኹ። በስሟ ሲጠሯት አገሩ የሰማው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ልጃቸውን ልከው ሣጥኑን አስከፈቱ። ያን ዘይት የጠጣ ጋቢ በገዛ እጃቸው ኮፈኗ ላይ አለበሷት፤ ለቅሶውም በእሷ ዙሪያ ሆነ።

ይህን ታሪክ ስንጽፍ ካዘኑት ወገን ሸጌን እናስገባት ወይስ እንተዋት ብለን ተቸግረን ነበር። ወይዘሮ ውባንቺ ነጠላቸውን ከዓይናቸው ሳያነሡ መለሱልን።

«ጻፏት። ግን ከእኔ ቀጥሎ ትሁን።»

በዚሁ መሠረት አቶ ጋሻዬ አለነ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውባንቺ ገብረመስቀልን፣ ቀጥሎም ሸጌን፣ እንዲሁም ሁለት ልጆችንና አራት የልጅ ልጆችን ትተው ተለይተውናል።

የሠራዊት ጌታ ነፍሳቸውን አቀበት በሌለበት፣ ገፊ በማያስፈልግበት አገር ያሳርፍልን። ለቀሩት ሁለቱም ጽናቱን ይስጥልን፤ አሜን።

ቤተሰቡ