ያልነጣው የሙሽሪት ቀሚስ

ያዲራ፣
ወደ ሙሽሪት እናት ቤት እየሮጥኩ ነው። የሠርጉ ፎቶዎች ቢጫ ሆነው ስለታተሙ አልበሙን መልሰውታል። እስከ ካርኒቫሉ በዓል ድረስ ጊዜ እንዲሰጡኝ እለምናቸዋለሁ።

ትናንት «ሙሽሪትን የወፍ በሽታ ይዟታል እንዴ?» ስትዪኝ፣ «አንቺን ደግሞ የቀለም ዳኛ ማን አደረገሽ?» ብዬ ጮህኩብሽ።
ዛሬ ጠዋት የቀለም መለኪያ ተውሼ ፎቶ የማርምበት ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ባደርገው፣ ነጩ ወደ ሰማያዊ ያደላ ኖሯል። እኔ ያንን ላቃና ብዬ ፎቶዎቹ ላይ ቢጫ ስጨምር ከርሜያለሁ።

አሁን ስክሪኑን አስተካክዬዋለሁ። ቁልፎቹን እንዳትነኪ!
መጋረጃውንም አትክፈቺው፤ የከተማችን የባራንኪያ ፀሐይ ዓይን ያታልላል።
አሬፓ፣ የበቆሎ ቂጣው፣ ፍሪጅ ውስጥ አለ። አይብ ያለበት ያንቺ ነው።

ያረምኩትን የሙሽሪት ፎቶ ክፍቱን ትቼልሻለሁ። አይተሽ ደውዪልኝ። አንቺ «ነጭ ነው» ካላልሽኝ ወደ ማተሚያ ቤት አልልክም።
ዱቢስ